የማይለወጡ ፋይሎችን በከርነሉ ማስጠበቅ፦ ኤፍኤስ-ቬሪቲ በኤክስት4 ላይ

በሊኑክስ ላይ በብዛት የምንጠቀምበት ፋይል ሲስተም፣ ኤክስት4፣ የፋይሎቻችንን ይዘት አያጣራም። የራሱን መዝገቦች፣ ማለትም አይኖዶቹን (የየፋይሉን መረጃ የሚይዙትን)፣ የማውጫ ብሎኮቹንና ጆርናሉን በቼክሰም፣ ከይዘቱ በሚሰላ የማጣሪያ ቁጥር፣ ይጠብቃል። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ዳታ ግን ዲስኩ የሰጠውን እንዳለ ተቀብሎ ለፕሮግራሙ ያቀብላል። ኤክስኤፍኤስም በዚህ ረገድ ያው ነው። ዲስኩ፣ ገመዱ ወይም ኮንትሮለሩ አንድ ብሎክ አበላሽቶ፣ ስህተት መኖሩን ሳይናገር ቢመልስ ማንም አያውቅም። የተበላሸው ፋይል ወደ ባክአፕ ይገለበጣል፣ ደህናው የቆየ ባክአፕ ተራው ደርሶ ይሰረዛል፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ፋይሉ በተፈለገ ቀን ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ የሚያደርገው በኤስኤችኤ256ሰም ትዕዛዝ የየፋይሉን ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ አጭር አሻራ፣ አስልቶ ዝርዝሩን ማስቀመጥ ነው። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፣ አትተዉት። ድክመቱ ማጣራቱና ማንበቡ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። 30 ጊጋባይት የሆነ ቪዲዮ ለማጣራት መጀመሪያ 30ውን ጊጋባይት ማንበብ አለባችሁ። ከዚያ ፕሮግራሙ ሲከፍተው እንደገና ከዲስኩ ይነበባል፣ ይህን ሁለተኛ ንባብ የሚጠብቀው የለም። ኤፍኤስ-ቬሪቲ ማጣራቱን ወደ ፋይል ሲስተሙ ያወርደዋል። አንድ ብሎክ ከዲስክ ወደ ሜሞሪ በገባ ቁጥር ከርነሉ ሃሹን አስልቶ ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ያስተያያል፣ ካልገጠመ ለፕሮግራሙ አይሰጠውም። ከሊኑክስ 5.4 (2019) ጀምሮ በኤክስት4 እና በኤፍ2ኤፍኤስ ላይ አለ፣ ከ5.15 (2021) ጀምሮ ደግሞ ቢቲአርኤፍኤስ ላይ ተጨምሯል።

ከወዲሁ ልብ ማለት ያለባችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ማጣራቱ የሚካሄደው ብሎኩ ከዲስክ ሲነበብ ብቻ ነው፣ ሳይነበብ የተቀመጠ ፋይል ሳይጣራ የተቀመጠ ፋይል ነው። ሁለተኛ፣ ፋይሉ «ቬሪቲ አለው» ማለት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ዳይጀስቱ፣ ማለትም ፋይሉን በሙሉ የሚወክለው ሃሽ፣ ሌላ ቦታ ካስቀመጣችሁት ዳይጀስት ጋር መመሳከር አለበት። ሰዎች ሲቸገሩ የማየው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ስለዘነጉ ነው።

አሠራሩ የሃሽ ዛፍ ነው፣ ራልፍ መርክል በ1979 ባቀረበው ሐሳብ ላይ የቆመ። ፋይሉ በ4096 ባይት ብሎኮች ይከፈልና እያንዳንዱ ብሎክ በኤስኤችኤ-256 ይሰላል። አንድ ሃሽ 32 ባይት ስለሆነ አንድ ብሎክ ውስጥ 128 ሃሾች ይገባሉ። እነዚያ የሃሽ ብሎኮች ራሳቸው እንደገና ይሰላሉ፣ እንዲህ እያለ አንድ ብሎክ ብቻ እስኪቀር ይወጣል። 1 ጊጋባይት ፋይል 262,144 ብሎክ ነው። የመጀመሪያው የዛፉ ደረጃ 2048 ብሎክ፣ ሁለተኛው 16፣ ሦስተኛው 1 ይሆናል። ጠቅላላው 2065 ብሎክ፣ ማለትም 8 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ከፋይሉ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በኤክስት4 ላይ ይህ ዛፍ የሚቀመጠው እዚያው ፋይሉ ውስጥ፣ ከፋይሉ መጨረሻ አልፎ ነው። ኤልኤስ የሚያሳየው መጠን ስለዚህ አይለወጥም፣ ዱ (ፋይሉ ዲስክ ላይ የያዘውን ቦታ የሚቆጥረው ትዕዛዝ) የሚያሳየው ግን ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን አይታችሁ አትደንግጡ።

የመጨረሻው ብሎክ ሃሽ ብቻውን ዳይጀስት አይሆንም። ከርነሉ የሃሹን ዓይነት፣ የብሎኩን መጠን፣ የፋይሉን ርዝመት፣ ሶልት (ከሃሹ በፊት የሚጨመር ባይት) ካለም ሶልቱንና የዛፉን አናት ሃሽ በ256 ባይት መግለጫ ውስጥ ያሰፍርና ያንን መግለጫ እንደገና ያሰላዋል። ዳይጀስት የሚባለው ይህ ነው። የፋይሉ ርዝመት እዚያ ውስጥ ስለገባ ጫፉ የተቆረጠ ፋይል ማለፍ አይችልም። ከኤስኤችኤ256ሰም ውጤት ጋር አለመግጠሙም ከዚሁ የተነሳ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ፋይሌ ተበላሽቷል» የሚል ሰው በየጊዜው ያጋጥማል። ሁለቱ ኤስኤችኤ-256 ይጠቀሙ እንጂ የሚያሰሉት ነገር የተለያየ ስለሆነ ውጤታቸው ሊገጥም አይችልም።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ከርነሉ ይችል እንደሆነ እዩ፦ በሲስ ማውጫ ሥር ኤፍኤስ፣ ኤክስት4፣ ፊቸርስ ውስጥ ቬሪቲ የሚል ፋይል ካለ ይችላል። ቀጥሎ ፋይል ሲስተሙ ላይ የቬሪቲ ባሕርዩ መብራት አለበት። ለአዲስ ክፍልፋይ ኤምኬኤፍኤስ ኤክስት4 ስትሉ በትልቁ ኦ አማራጭ ቬሪቲ የሚለውን ቃል ትጨምራላችሁ። ለነባር ክፍልፋይ መጀመሪያ አንማውንት አድርጉ፣ ኢ2ኤፍኤስሲኬን በኤፍ አማራጭ አስኬዱና ከዚያ ቲዩን2ኤፍኤስን በዚያው በትልቁ ኦ አማራጭ ቬሪቲ ብላችሁ ስጡት። የኢ2ኤፍኤስፕሮግስ ስሪት 1.45.2 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የሩት ክፍልፋይ ከሆነ ከላይቭ ፍላሽ ተነስታችሁ ሥሩት። ይህ ባሕርይ ከበራ በኋላ ከ5.4 በታች የሆኑ ከርነሎች ክፍልፋዩን ለንባብ ብቻ ነው ማውንት የሚያደርጉት። ያንኑ ዲስክ አሮጌ ማሽን ላይ እየሰካ የሚጽፍበት ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት።

በየጊዜው የሚለወጥ ፋይል ለዚህ አይሆንም። ዳታቤዝ፣ ሎግ፣ ገና እየተጻፈ ያለ ሰነድ፣ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ፣ እነዚህን ተዉአቸው። የሚሆነው አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው፦ የስካን ምስሎች፣ የተጠናቀቀ ቪዲዮ፣ የአይኤስኦ ምስል፣ የታር ባክአፕ፣ የፕሮግራም ፋይሎች። አንድ ፋይል ከታሸገ፣ ማለትም ቬሪቲ ከበራለት በኋላ ሩትም ቢሆን ለመጻፍ ሊከፍተው ወይም ሊያሳጥረው አይችልም፣ «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ይመለስለታል። ማሸጊያውን የሚፈታ ትዕዛዝም የለም። መለወጥ ካስፈለገ ኮፒ አድርጎ ኮፒውን መለወጥ ነው፣ ኮፒው ያለ ቬሪቲ ተራ ፋይል ሆኖ ይወጣልና።

መሣሪያው ኤፍኤስቬሪቲ ይባላል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ፓኬጁ በዚሁ ስም ይገኛል፣ በፌዶራ ደግሞ ኤፍኤስቬሪቲ-ዩቲልስ ነው። በዋናነት የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ንዑስ ትዕዛዞች ናቸው። «ዳይጀስት» ፋይሉን ሙሉ በሙሉ አንብቦ ራሱ ያሰላል፣ ከርነሉን ስለማይጠይቅ የትኛውም ፋይል ሲስተም ላይ ይሠራል። «ኢነብል» ያሽጋል። «መዠር» ከርነሉን ጠይቆ የታሸገውን ፋይል ዳይጀስት ያመጣል። ኢነብል ስትሉ የሃሹን ዓይነትና የብሎኩን መጠን በግልጽ ጻፉ፦ ሃሽ-አልግ ኤስኤችኤ256፣ ብሎክ-ሳይዝ 4096። ካልጻፋችሁት ዛሬ ምንም አይሆንም። ነገ ግን ሌላ ማሽን ላይ ሌላ የብሎክ መጠን ቢመጣ፣ ይዘቱ አንድ ሆኖ ዳይጀስቱ ይለያይና ዝርዝራችሁ ሁሉ ገደል ይገባል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ዳይጀስቱን መጀመሪያ ፋይሉ በተሠራበት ወይም በመጣበት ማሽን ላይ አስሉና ዝርዝሩን ለይታችሁ አስቀምጡ። ቀጥሎ ፋይሎቹን ወደ መዳረሻው ገልብጡ። እዚያ ኢነብል አድርጉ፣ በመዠር አውጡና ሁለቱን ዝርዝሮች በዲፍ አስተያዩ። ሁለቱም ትዕዛዞች የሚያወጡት መስመር አንድ ዓይነት ነው፦ የሃሹ ዓይነት፣ ሁለት ነጥብ፣ ዳይጀስቱ፣ ከዚያ የፋይሉ ስም። ሁለቱንም ጊዜ ከዚያው ማውጫ ውስጥ ሆናችሁ በዚያው ቅደም ተከተል ካስኬዳችሁ ዲፍ ምንም መመለስ የለበትም። ዳይጀስቱን መዳረሻው ላይ ብቻ ማስላት አይበቃም። ሜሞሪው ችግር ያለበት ማሽን ከሆነ ወይም ፋይሉ በመንገድ ላይ ተበላሽቶ ከደረሰ፣ ብልሽቱን አሽጋችሁ «ትክክል ነው» እያለ ዘላለም እንዲመሰክርላችሁ ታደርጋላችሁ።

ኢነብል የማይሠራበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከመልእክቱ ይታወቃል። «ቴክስት ፋይል ቢዚ» ካለ ፋይሉን ለመጻፍ የከፈተ ፕሮግራም አለ፣ በኤልሶፍ ፈልጋችሁ ዝጉት። «ኦፐሬሽን ኖት ሰፖርትድ» ካለ ከርነሉ ሳይችል ቀርቷል ወይም ቲዩን2ኤፍኤሱን ዘላችሁታል። «ኢንአፕሮፕሪየት አዮክትል ፎር ዲቫይስ» ካለ ፋይል ሲስተሙ ራሱ ቬሪቲ የማያውቅ ነው፣ ኤክስፋት በሆነ ፍላሽ ላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። «ፋይል ኤግዚስትስ» ማለት ቀድሞ ታሽጓል ማለት ነው። ዛፉ የሚቀመጥበት ነፃ ቦታ መኖሩንም እዩ፣ ጥግ ድረስ በሞላ ዲስክ ላይ አይሳካም። በሥራው መሐል መብራት ቢሄድ ግን አትስጉ። ኤክስት4 መጀመሪያ ዳታውንና ዛፉን ዲስክ ላይ አድርሶ ነው ምልክቱን የሚያኖረው። ካላለቀ ፋይሉ እንደነበረው ተራ ፋይል ሆኖ ይገኛል፣ እንደገና ማስኬድ ብቻ ነው። የታሸገውን ካልታሸገው ለመለየት ኤልኤስኤትር ላይ ትልቁን ቪ ፊደል ፈልጉ።

እውነተኛ ዳታ ከማሸጋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሆን ብላችሁ አበላሽታችሁ ማየቱን አጥብቄ እመክራለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ የስህተቱንም መልክ ታውቁታላችሁ። በትራንኬት 512 ሜጋባይት የሆነ የምስል ፋይል ፍጠሩ፣ ቬሪቲ ያለው ኤክስት4 በ4096 ብሎክ ሥሩበት፣ በሉፕ ማውንት አድርጉ። 100 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ገልብጡበትና አሽጉት። ይህ 25,600 ብሎክ ዳታ ነው፣ ዛፉ 200፣ 2 እና 1 ሆኖ 203 ብሎክ ይይዛል። አሁን ፋይልፍራግን በትንሹ ቪ አማራጭ ስታስኬዱ እያንዳንዱ የፋይሉ ክፍል በምስሉ ውስጥ ከየትኛው ብሎክ እንደሚጀምር ያሳያችኋል። የፋይሉ 5000ኛ ብሎክ የት እንደወደቀ ከዚያ አስሉ። አንማውንት አድርጉ። ዲዲን ተጠቅማችሁ ከዩራንደም አንድ ብሎክ ወደዚያ ቦታ ጻፉ፦ ቢኤስ 4096፣ ካውንት 1፣ ሲክ ያሰላችሁት ቁጥር፣ ኮንቭ ኖትራንክ። ኖትራንክ የምትለዋን ከረሳችሁ ዲዲ ምስሉን እዚያው ላይ ቆርጦ ይጥለዋል። እንዲሁም መድረሻው የምስሉ ፋይል እንጂ እውነተኛው ዲስክ አለመሆኑን ሁለቴ አንብባችሁ ነው ኢንተር የምትመቱት።

መልሳችሁ ማውንት አድርጉና መጀመሪያ መዠርን አስኬዱ። ዳይጀስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ያው ይወጣል። መዠር ዳታውን አያነብም፣ የተመዘገበውን ብቻ ይናገራል። መዠርን በየሌሊቱ በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው) እያስኬደ ፋይሎቹ የተጣሩ የሚመስለው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሁን ፋይሉን በካት ወደ ዴቭ/ነል አንብቡት። «ኢንፑት/አውትፑት ኤረር» ብሎ ይቆማል። ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክቶች ዝርዝር) ውስጥ ደግሞ በኤፍኤስ-ቬሪቲ የሚጀምር፣ የመሣሪያውን ስምና የአይኖዱን ቁጥር የያዘ፣ «ፋይል ኮራፕትድ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ከጎኑ የተበላሸበት ቦታ አለ፣ እንደ ከርነሉ ዕድሜ 5000 ብሎ የሜሞሪ ገጹን ቁጥር ወይም 20480000 ብሎ የባይቱን ቦታ ይጽፋል። ሌቭል የሚለው ከዜሮ በታች 1 ከሆነ የተበላሸው ዳታው ራሱ ነው። 0 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የዛፉ ብሎክ ነው፣ ያኔ ዳታው ደህና ሊሆን ይችላል፣ ግን ማረጋገጫው ጠፍቷል። ቀጥሎ የሚጠበቀውና የተገኘው ሃሽ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ይህን መስመር ከዲስክ ስህተት ለይታችሁ እወቁት። ፕሮግራሙ ጋ የሚደርሰው ያው «ኢንፑት/አውትፑት ኤረር» ነው። በዲሜሴጅ ውስጥ የዲስኩ ስምና የሴክተር ቁጥር ያለው የአይኦ ስህተት ከታየ ዲስኩ ማንበብ እንዳልቻለ ራሱ ተናግሯል፣ የዲስክ ለውጥ ማሰብ ነው። «ፋይል ኮራፕትድ» ብቻ ከሆነ ዲስኩ አነበብኩ ብሎ የሰጠው ዳታ የተሳሳተ ነው። ያኔ ገመዱን፣ ኮንትሮለሩን፣ ሜሞሪውንም ጭምር መጠርጠር ያስፈልጋል። ፋይሉ በኤምማፕ (እንደ ሜሞሪ ክፍል ሆኖ) የተከፈተ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሚሠራ ፕሮግራም ወይም ላይብረሪ ከሆነ፣ የስህተት መልእክት እንኳ ሳይመጣ ፕሮግራሙ «ባስ ኤረር» ብሎ ይወድቃል። የዚህ ዓይነት አወዳደቅ ስታዩ የፕሮግራሙን ኮድ ከመፈተሻችሁ በፊት ዲሜሴጅን እዩ።

ማጣራቱ ከዲስክ ሲነበብ ብቻ ነው ያልኩት በካሽ፣ ማለትም ከርነሉ ያነበበውን በሚያቆይበት የሜሞሪ ቦታ፣ ምክንያት ነው። አንዴ ሜሞሪ ውስጥ የገባና የተጣራ ገጽ እዚያው እስካለ ድረስ ከርነሉ ወደ ዲስኩ አይመለስም። አሁን ገልብጣችሁ አሁን ብታነቡት የምታነቡት ሜሞሪውን ነው፣ ዲስኩ ላይ ምን እንደሰፈረ አላያችሁም። ለቬሪቲ ብቻ ሳይሆን ለኤስኤችኤ256ሰምም ያው ነው። ስለዚህ ከግልበጣ በኋላ ስታጣሩ መጀመሪያ ሲንክ በሉ፣ ከዚያ አንማውንት አድርጋችሁ መልሱ፣ ወይም በሩት ሆናችሁ 3 የሚለውን ቁጥር በፕሮክ፣ ሲስ፣ ቪኤም ሥር ወዳለው ድሮፕ_ካሽስ ጻፉ። ዲዲን ዳይሬክት በሚለው አማራጭ ማስኬድ ካሹን የሚያልፍ የሚመስለው አለ። በታሸጉ ፋይሎች ላይ ግን ዳይሬክት አይኦ አይሠራም፣ ከርነሉ ሳይናገር ወደ ተለመደው ንባብ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ወር በወር ሁሉንም ፋይል የሚያነብ ሥራ በክሮን አዘጋጁ፦ ካሹን ያራግፋል፣ በፋይንድ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ በካት ወደ ዴቭ/ነል ያነባል፣ ያልተሳካውን ፋይል ስም ይመዘግባል። አዮናይስን በሲ3 ብትጨምሩበት፣ የሚደግፍ የአይኦ ሸጁለር ካለ፣ ሌላውን ሥራ አያንቀው። ካትን በታር ለመተካት አትሞክሩ። የጂኤንዩ ታር መድረሻው ዴቭ/ነል መሆኑን ካየ የፋይሎቹን ይዘት ጨርሶ አያነብም፣ በጥቂት ሰከንድ ይጨርስና ሁሉ ደህና ነው ብላችሁ ትተኛላችሁ።

ኤፍኤስ-ቬሪቲ አይጠግንም። የተበላሸው ብሎክ ቢጠፋም የቀረው ግን ይነበባል። በፈተናችን ዲዲን በቢኤስ 4096 እና በኮንቭ ኖኤረር፣ሲንክ ብታስኬዱት 5000ኛው ብሎክ በዜሮ ተሞልቶ ሌላው ዳታ ይወጣል፣ ባክአፕ ለሌለው ቪዲዮ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባክአፕ ካለ ደግሞ የተበላሸውን አጥፍታችሁ ከባክአፑ መልሱ፣ አሽጉ፣ መዠር የሚሰጣችሁን ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩ። ኮፒ፣ ታርም ሆነ አርሲንክ ማሸጊያውን አብረው አይወስዱም። ባክአፕ ዲስኩም ኤክስት4 ከሆነ እዚያም ለብቻው ኢነብል ማድረግ አለባችሁ። መለኪያዎቹ አንድ እስከሆኑ ድረስ ዳይጀስቱ አንድ ነው፣ አንድ ዝርዝር ለሁለቱም ያገለግላል።

ከብልሽት አልፎ ሆን ብሎ ከሚነካ ሰው መጠበቅ የሚፈልግ ካለ፣ የፋይሉ ስም፣ ባለቤቱ፣ ፈቃዱና ሰዓቱ ከዳይጀስቱ ውጭ መሆናቸውን ይወቅ። የታሸገ ፋይል ስሙ ይቀየራል፣ ይሰረዛል፣ ቻውን ይደረጋል። ሩት የሆነ ሰው አጥፍቶት በዚያው ስም ሌላ ፋይል አኑሮ፣ ያንንም አሽጎ ሊሄድ ይችላል፣ ኤልኤስኤትር ላይ ቪው እንደተለመደው ይታያል። ይህን የሚይዘው ከማሽኑ ውጭ ያለው ዝርዝር ብቻ ነው። ከርነሉ ራሱ የፒኬሲኤስ-7 ፊርማ እንዲያጣራ ማድረግም ይቻላል። እኔ ግን ዝርዝሩን በጂፒጂ ፈርሞ ሌላ ቦታ ማስቀመጡን እመርጣለሁ፣ ለማስተዳደርም ለመመርመርም ይቀላል።

ከዜሮ የሚጀምርና ሁለት ዲስክ ያለው ሰው ቢቲአርኤፍኤስን በሬይድ1 (ዳታው በሁለቱም ዲስኮች ላይ ኮፒ እንዲኖረው) ቢያስብ ይሻለዋል። እሱ ለእያንዳንዱ የዳታ ብሎክ ቼክሰም ይይዛል፣ ስክረብ (የሙሉ ዲስክ ማጣራት) ሲደረግ ካሹን ሳይጠብቅ ከዲስኩ ያነባል፣ የተበላሸውንም ከሁለተኛው ኮፒ ይጠግናል። በነባሪነት የሚጠቀመው ሲአርሲ32ሲ በአጋጣሚ የሚመጣ ብልሽትን ለመያዝ እንጂ ሆን ተብሎ የሚደረግን ለውጥ ለመከላከል አይሆንም። ቻትር ላይ በትልቁ ሲ ምልክት የተደረገባቸው ፋይሎች ደግሞ ቼክሰም የላቸውም፣ ብዙ ጊዜ የቨርቹዋል ማሽን ዲስኮች እንዲህ ስለሚደረጉ ስክረብ ንጹሕ ነው ያለው እነሱን አይጨምርም። በቢቲአርኤፍኤስ ላይ ኤፍኤስ-ቬሪቲን መደረብ ይቻላል፣ ቲዩን2ኤፍኤስን የመሰለ ቅድመ ዝግጅትም አይፈልግም። ስክረብ ይጠግናል፣ ቬሪቲ ደግሞ ከዝርዝራችሁ ጋር የሚመሳከረውን ዳይጀስት ይሰጣችኋል።